የቤት ስልክን ትቶ ወደ አነስተኛ የኢንተርኔት ድርጅት መዛወር፦ በብሪታንያ ለምትኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ሰው በብዛት የሚሰናከለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ለድሮው ድርጅት ይደውልና «የቤት ስልኩን ቁረጡልኝ» ይላል። መስመሩ ሲቆረጥ በዚያው ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔትም አብሮ ይጠፋል። ዘመድ አዝማድ ለዓመታት የያዘው ቁጥርም ይሄዳል፤ የሄደ ቁጥር ደግሞ ለማስመለስ ያስቸግራል።

ስለዚህ ይህን መመሪያ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ለድሮው ድርጅት ደውላችሁ ምንም ነገር አትሰርዙ። ዳይሬክት ዴቢቱንም ከባንክ አታቋርጡ።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥበት ምክንያት አለ። በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የድሮው የስልክ አውታር በ31 ጃንዋሪ 2027 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የቤት ስልክ የሚሠራው በኢንተርኔት ነው። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮም አዲስ የመዳብ ስልክ መስመር አይሸጥም። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ለውጡ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ በራሳችሁ ሰዓት ብታደርጉት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ በስልኩ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ መዝግቡ

ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ቤቱን ዙሩ። ከስልኩ ሶኬት የሚወጣውን ሽቦ እየተከተላችሁ የት እንደሚያልቅ እዩ። በተለይ እነዚህን ፈልጉ፦

* አረጋውያን አንገታቸው ወይም እጃቸው ላይ የሚያስሩት የአደጋ ጥሪ ቁልፍ
* በስልክ መስመር የሚደውል የሌባ ማንቂያ
* እንግዳ ሲመጣ ወደ ቤት ስልክ የሚደውል የሕንፃ በር መክፈቻ

እናት ወይም አባት የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ካላቸው እዚህ ላይ ቁሙ። ቁልፉን ለሚያስተዳድረው ክፍል (ብዙ ጊዜ ካውንስሉ ነው) ደውላችሁ «ይህ መሣሪያ ያለ መዳብ ስልክ መስመር ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይሠራም» ካሉ በሲም ካርድ የሚሠራ ይቀይሩላችሁ። አዲሱ መጥቶ፣ ቁልፉ ተጭኖ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሰው ሲመልስ በጆሯችሁ ሳትሰሙ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ። ነገሩን አጋንኜው አይደለም፤ መስመር ወደ ዲጂታል (በኢንተርኔት ወደሚሠራ ስልክ) ሲዛወር የአደጋ ጥሪ ቁልፎች መሥራት በማቆማቸው በዲሴምበር 2023 ትልልቆቹ ድርጅቶች ደንበኛን ያለ ፈቃዱ ማዛወሩን ለጊዜው ለማቆም ተስማምተው ነበር።

ቀጥሎ ቁጥራችሁን ማን እንደያዘ ዝርዝር አውጡ፦ ጂፒ፣ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ካውንስል፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ መዝገብ፣ ዕድሩ ወይም ማኅበሩ፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች።

ከእነዚህ ውስጥ ባንኩን አስቀድሙ። አንዳንድ ባንክ የማረጋገጫ ኮዱን በቤት ስልክ ደውሎ ያነባል። መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ቁጥር ልቀይር ስትሉ ኮዱን የሚልከው ወደዚያው ወደ ሞተው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ነው። ስለዚህ ስልኩ ገና በሕይወት ሳለ ባንክ ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ሞባይል ቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ያለባችሁን ውል እወቁ

የምትፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሉ የሚያልቅበት ቀንና ዛሬ ብትወጡ የምትከፍሉት ቅጣት።

ውል ሊያልቅ ከ10 እስከ 40 ቀን ሲቀረው ድርጅቱ ማስታወቂያ የመላክ ግዴታ አለበት፤ ኢሜይላችሁን ፈልጉ። ካጣችሁ ወደ አካውንታችሁ ግቡ። መደወል ግድ ከሆነ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቃችሁ ዝጉ። «ልወጣ ነው» ካላችሁ የሚያነሳው ሰው ቅናሽ እያቀረበ የሚያባብል ነው፤ «እሺ፣ ጥሩ ነው» ያላችሁት ቃል ብቻውን የ24 ወር አዲስ ውል ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን ቢል አውጡና በላዩ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ገልብጡ። ይህ ለእኛ ከማንም በላይ አስፈላጊ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ፣ «ገብረ» እና «ወልደ» አንዴ ተለያይተው አንዴ ተጣብቀው፣ ወይም አካውንቱ ከዓመታት በፊት በባል ስም ተከፍቶ አሁን የምታዝዘው ሚስት ሆና ማዛወሩ የከሸፈባቸው ብዙ ናቸው። አዲሱ ድርጅት የሚፈልጋችሁ በድሮው መዝገብ በተጻፈው መልክ ነው። ስሙ የተሳሳተ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት አስተካክሉት፤ ካልሆነም በስህተቱ እንዳለ ተጠቀሙበት።

ስልኩና ኢንተርኔቱ ከአንድ ድርጅት መሆናቸውንም አረጋግጡ። ሁለት ቢል የምትከፍሉ ከሆነ ሁለት ውል አለ፤ የሁለቱንም ቀን ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ምን እንደምታደርጉት ወስኑ

ድርጅት ከመምረጥ በፊት የሚወሰነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምርጫችሁን ያጠብባል። መንገዱ ሦስት ነው።

*ሀ. ቁጥሩን መተው።* ሁሉም ሰው በሞባይል የሚያገኛችሁ ከሆነ ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ወጣት ቤተሰብ የቤት ስልክ መያዝ ትርፉ ወጪ ነው። ብቻ ቤት ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ደካማ ከሆነ አስቀድማችሁ በሞባይሉ ላይ የዋይፋይ ጥሪን አብሩ፤ ቅንብር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰው አስደውላችሁ ሞክሩት።

*ለ. ከአዲሱ ድርጅት ዲጂታል ስልክ አብሮ መውሰድ።* ስልኩ ከግድግዳው ሶኬት ይነቀልና ራውተሩ ጀርባ ይሰካል። ቁጥሩ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ ኢንተርኔቱን በምታዙበት በዚያው ጥሪ «የድሮ ቁጥሬን አዛውሩልኝ» በሉ። «መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይግባ፣ ስለ ቁጥሩ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስማሙ። በኋላ ሲሆን መስመሩ ተዘግቷል።

*ሐ. ቁጥሩን ለብቻው ወደ ኢንተርኔት ስልክ ድርጅት መውሰድ።* ከአነስተኞቹ ስልክ የማይሸጡ አሉ። እንዲያ ሲሆን እንደ ቮይፕፎን ወይም አንድሩስ ኤንድ አርኖልድ ያለ ድርጅት ቁጥራችሁን ተቀብሎ በኢንተርኔት ያስጠራዋል። በሞባይል መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል። የለመዳችሁትን የቤት ስልክ ማስቀጠል ከፈለጋችሁ ደግሞ በስልኩና በራውተሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ማገናኛ ሳጥን ትገዛላችሁ፤ ግራንድስትሪም ኤችቲ801 አንዱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሦስተኛው መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ቁጥሩ ሲዛወር የድሮው መስመር ይዘጋል፣ በላዩ ያለው ኢንተርኔትም ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው፦ አዲሱ ኢንተርኔት በራሱ የፋይበር መስመር (በመዳብ ፈንታ በቀጭን የመስታወት ክር የሚሠራ) ይገባል፤ ለጥቂት ቀን ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ከዚያ የቁጥሩ ዝውውር ይታዘዛል። ለእነዚያ ቀናት ሁለት ክፍያ ይኖራል፤ ቁጥሩን ለማዳን የሚከፈል ነው። አዲሱ ኢንተርኔት በዚያው በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ አይቻልም፤ ስለዚህ መንገድ «ለ»ን ምረጡ።

አገር ቤት ያሉ ሽማግሌዎች የሚያውቁት አንድ ቁጥር ይህ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ለቁጥሩ እከፍላለሁ። ቴሌግራም የሌለው ሰው ከደብተሩ ላይ አንብቦ ነው የሚደውለው።

ደረጃ 4፦ ድርጅቱን ምረጡ

አነስተኛ ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የሌላውን ሽቦ ተከራይቶ የራሱን አገልግሎት የሚሰጥ ነው። በ1995 ሮችዴል ውስጥ የተመሠረተው ዜን እና አንድሩስ ኤንድ አርኖልድ የዚህ ምሳሌ ናቸው። መስመሩ የቢቲን የስልክ ሽቦዎች የሚያስተዳድረው የኦፕንሪች ስለሆነ ቢቲ በሚደርስበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ይደርሳሉ። ዋጋቸው ርካሽ ላይሆን ይችላል፤ የምትገዙት ስትደውሉ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ማግኘትን ነው።

ሁለተኛው የራሱን ፋይበር የዘረጋ ነው፦ ለንደን ውስጥ ኮሚዩኒቲ ፋይበር፣ በአፓርታማ ሕንፃዎች ሃይፐርኦፕቲክ፣ በላንክሻየር ገጠር ደግሞ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ቢፎርን። እነዚህ ፈጣንና ብዙ ጊዜ ርካሽ ናቸው፤ ግን ጎረቤት መንገድ ላይ ደርሰው የእናንተ ጋ ላይደርሱ ይችላሉ።

የኦፍኮም (የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) የሽፋን መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮዳችሁን አስገቡና ከዝርዝሩ ሙሉ አድራሻችሁን ምረጡ። ፖስትኮድ ብቻ አይበቃም፤ ከአንድ ደረጃ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶች የተለያየ መልስ ያገኛሉ።

ሦስት አራት ስም ከያዛችሁ በኋላ እየደወላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

* ውሉ ስንት ወር ነው? በመካከል ዋጋው ስንት ፓውንድ ይጨምራል? ከ17 ጃንዋሪ 2025 ወዲህ ለሚገቡ ውሎች ጭማሪው በፓውንድና በፔንስ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ «እንደ ዋጋ ንረቱ» የሚል መልስ አትቀበሉ።
* ለእኔ አድራሻ ዋስትና የምትሰጡት ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው? ከዚያ ቢወርድስ? የኦፍኮምን የፍጥነት ደንብ የፈረመ ድርጅት በ30 ቀን ካላስተካከለ ያለ ቅጣት መውጣት ትችላላችሁ።
* የካሣ ሥርዓቱ አባል ናችሁ? ይህ ሥርዓት ብልሽት ከሁለት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ሲቆይ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ሲቀር፣ አገልግሎቱ ከተባለበት ቀን ሲዘገይ ሳትጠይቁ ገንዘብ የሚያስመልስ ነው። በፈቃደኝነት ስለሆነ ብዙ አነስተኞች አይገቡበትም፤ ዜንና ሃይፐርኦፕቲክ ገብተውበታል።
* የራሴ የሆነ የአይፒ አድራሻ (ቤቱ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) አገኛለሁ ወይስ ከሌላ ደንበኛ ጋር የምጋራው? የቤት ካሜራ ከውጭ የምትመለከቱ ከሆነ ይህን አትዝለሉ፤ በጋራ አድራሻ ላይ አንዳንድ ካሜራ አይሠራም።
* የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ወይም ታማሚ ቤት ካለ፦ መብራት ሲጠፋ 999 መደወያ ምን ትሰጡኛላችሁ?

ከዚያ አንድ ፈተና ስጧቸው። እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ደንበኛ፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ለብልሽት ክፍላቸው ደውሉ። ምን ያህል እንዳስጠበቋችሁ፣ ማን እንዳነሳ እዩ። ዋጋ ካወዳደራችሁበት ሰንጠረዥ ሁሉ ይህ ጥሪ የበለጠ ይነግራችኋል።

ፍጥነትን በተመለከተ ሻጭ ሁሉ አንድ ጊጋ ይላችኋል። አራት ሰው ላለበት ቤት 100 ሜጋቢት ለቪዲዮ ጥሪም፣ ለቴሌቪዥንም፣ ለልጆች ትምህርትም ይበቃል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ፔንሽን ክሬዲት የሚቀበል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከሁሉ በፊት «ሶሻል ታሪፍ አላችሁ?» በሉ፤ ድጎማ ለሚቀበሉ የሚሰጥ ቅናሽ ዋጋ ነው። ኮሚዩኒቲ ፋይበርም ሃይፐርኦፕቲክም አላቸው። ራሳቸው አንስተው አይነግሯችሁም፤ ጠይቁ።

ተከራዮች ልብ በሉ፦ የራሱን ፋይበር የሚዘረጋ ድርጅት ወደ ሕንፃው ለመግባት የባለ ንብረቱን ፈቃድ ይፈልጋል። የካውንስል ወይም የሃውሲንግ አሶሲዬሽን ቤት ከሆነ «ይህ ሕንፃ ፈቃድ አለው?» ብላችሁ ድርጅቱን ጠይቁ። ከሌለው ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ወደ ሌላው እለፉ።

ደረጃ 5፦ ማዘዝ

ከ12 ሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ዋን ተች ስዊች የሚባል ሥርዓት አለ። የምትነጋገሩት ከአዲሱ ድርጅት ጋር ብቻ ነው፤ የድሮውን የሚያቋርጠው እሱ ነው። አውታሩ ቢለያይም፣ ለምሳሌ ከቨርጂን ሚዲያ ብትወጡም፣ ይሠራል።

1. ለአዲሱ ድርጅት ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና የድሮውን ድርጅት ስም ከቢሉ ላይ እንደገለበጣችሁት ስጡ።
2. ስለ ቁጥሩ በግልጽ ተናገሩ፦ «ይዛወር» ወይም «አልፈልገውም»።
3. ከድሮው ድርጅት በኢሜይል ወይም በደብዳቤ መረጃ ይመጣላችኋል። በጥንቃቄ አንብቡት። የመውጫ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ ምን እንደሚሆኑ የሚነግራችሁ እሱ ነው።
4. ከተስማማችሁ ብቻ ለአዲሱ ድርጅት «ቀጥሉ» በሉ። ቀኑን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ውስጥ አድርጉት፤ ዓርብ የተበላሸ ነገር ቅዳሜና እሑድን ይዟችሁ ይከርማል።

በመንገድ ሐ የምትሄዱ ግን ይህን ሥርዓት አትጠቀሙ፤ የድሮውን መስመር ቁጥሩ ሳይወጣ ይዘጋዋል። «አዲስ መስመር ነው የምፈልገው፣ የድሮውን አትንኩ» ብላችሁ እዘዙ።

*«በመዝገብ አልተገኛችሁም» ቢሏችሁ፦* ዘጠኙ ጊዜ ከአሥሩ ስም ወይም የአፓርታማ ቁጥር ነው። የአካውንት ቁጥሩን ጨምሩ፤ ስሙን በቢሉ ላይ እንዳለው አድርጉ፤ «ፍላት 3» እና «3ኤ» ልዩነቱን ተመልከቱ። ተናዳችሁ የድሮውን በራሳችሁ አትሰርዙ።

*ሐሳባችሁን ብትቀይሩ፦* በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ውል በ14 ቀን ውስጥ ማፍረስ ይቻላል። በጽሑፍ አድርጉት።

ደረጃ 6፦ የመግጠሚያው ቀን

ባለሙያው ከመድረሱ በፊት የኢንተርኔቱ ሳጥን የሚቀመጥበትን ቦታ ምረጡ፦ ለቤቱ መካከል የቀረበ፣ ሁለት የመብራት ሶኬት ያለው። ባለሙያው ለእሱ የሚቀለውን፣ ከደጁ በር ጎን ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ግድግዳ ከተበሳ በኋላ ማዛወር ያስከፍላል። አከራይ ካለ ግድግዳ ለመብሳት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

ባለሙያው ሳይሄድ ላፕቶፕ በገመድ ከራውተሩ ጋር አያይዛችሁ ፍጥነቱን ለኩ። በዋይፋይ የተለካ ቁጥር ለክርክር አይሆንም።

አዲሱ ራውተር ላይ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል የድሮው የነበረውን አድርጉ። ቴሌቪዥኑም፣ ስልኮቹም፣ ፕሪንተሩም በራሳቸው ይገባሉ፤ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየዞሩ የይለፍ ቃል መጻፍ ይቀራል።

ዲጂታል ስልክ ካዘዛችሁ ስልኩን ከግድግዳው ነቅላችሁ ራውተሩ ጀርባ ካለው የስልክ ቀዳዳ ሰኩ። ድምፅ ከሌለ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ወደ ውጭ እየደወለ ከውጭ የማይገባ ከሆነ ቁጥሩ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ይህን በሞባይል ወደ ቤት ስልክ በመደወል ሞክሩ።

*ኢንተርኔቱ በተባለው ቀን ባይመጣ፦* የቅሬታ ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉ። በሳምንታት ውስጥ ካልተፈታ ድርጅቱ አባል ወደሆነበት ገለልተኛ ዳኛ ትሄዳላችሁ፤ ሁሉም ድርጅት የአንዱ አባል መሆን ግዴታው ነው፤ ለእናንተ ነፃ ነው።

ደረጃ 7፦ መብራት ሲጠፋ

የድሮው ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነበር። አዲሱ ከራውተሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል፣ በዋይፋይ የሚደወለው ሞባይልም እንዲሁ።

በቤት ስልኩ ላይ ብቻ የሚተማመን ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ሞባይል የማይጠቀሙ እናት ወይም ኔትወርክ የማይገባበት ቤት፣ ድርጅቱ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ 999 መደወያ መስጠት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው፣ በነፃ። ስታዙ ካልተናገራችሁ ግን አያውቁም።

ሌሎቻችሁ የተሞላ ሞባይል ይኑራችሁ። የእናንተ ኔትወርክ ባይኖርም 999 በሌላ ድርጅት ኔትወርክ ያልፋል። መናገር ለሚከብደው ሰው «ሬጅስተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ 999 በጽሑፍ መልእክት ልካችሁ የሚመጣውን መመሪያ ተከተሉ፤ ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ እርዳታ መጥራት ይቻላል። ይህ አስቀድሞ የሚደረግ ነው።

የኢንተርኔት ስልክ ከወሰዳችሁ አድራሻችሁ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። 999 ስትደውሉ አምቡላንሱ የሚላከው ወደዚያ ነው። ቤት ስትቀይሩ በዚያው ዕለት አስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ የድሮውን መዝጋት

በዋን ተች ስዊች ከሄዳችሁ የድሮው በራሱ ይዘጋል፤ አዲሱ ከጀመረበት ቀን በኋላ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ብለው ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። በመንገድ ሐ ከሄዳችሁ ግን ቁጥሩ መዛወሩን በጥሪ ካረጋገጣችሁ በኋላ ለድሮው ድርጅት በጽሑፍ «አካውንቴ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ» በሉ፤ ቁጥሩ ወጥቶም ቢል መላኩን የሚቀጥል አለ።

ወደ አገር ቤት በቤት ስልክ የምትደውሉ ከነበረ አዲሱ ስልክ ለ251 በደቂቃ ስንት እንደሚያስከፍል የመጀመሪያውን ጥሪ ሳትደውሉ እዩ። በ09 እና በ07 ለሚጀምሩት የሞባይል ቁጥሮች ዋጋው ከመደበኛው ሊለይ ይችላል። የማትጠቀሙበት ከሆነ የውጭ ጥሪን አስዘጉ።

የድሮው ራውተር የማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ንብረታቸው ስለሆነ ካልመለሳችሁ ያስከፍላሉ። በላኩላችሁ ማሸጊያ ላኩትና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ በፎቶ አስቀሩ። ዳይሬክት ዴቢቱን የምታቋርጡት የመጨረሻው ቢል መጥቶ፣ አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ትርፍ ካለ ተመልሶ ካያችሁ በኋላ ነው።